ዱኮቦሮችን ፍለጋ በሳስካቼዋን ሜዳ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የዱኮቦሮችን የድሮ መንደሮች ፍለጋዬ «የት ደረሰ?» እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ ይኸው። ንባቡን ቀነስ አድርጌ መንዳቱን አብዝቻለሁ። መነሻዬ ካናዳ፣ ሳስካቼዋን ክፍለ ሀገር ያለው የሳስካቱን ከተማ ስለሆነ አብዛኛው ቦታ በቅዳሜና እሁድ ይደረሳል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፦ ዱኮቦሮች ከሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተነጥለው የወጡ ገበሬዎች ናቸው። ቄስ የላቸውም፣ ቅዱስ ሥዕል የላቸውም፣ መስቀልም አይሰቅሉም። እግዚአብሔር በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አለ ብለው ስለሚያምኑ ሰው መግደል አይታሰብም፤ ውትድርናም እንዲሁ። በ1895 ያኔ በሩሲያ ሥር በነበረው ካውካሰስ ውስጥ ጠመንጃና ሰይፋቸውን ሰብስበው፣ ማገዶ ከምረው አነደዱት። ሌሊቱ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዋዜማ ነበር። የድሮው የሩሲያ አቆጣጠር ከኛ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ቀኑ እኛ ሐምሌ 5 የምናከብረው ራሱ ነው። ይህን ሳውቅ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ አለኝ። እነሱን ግን የጠበቃቸው የኮሳክ (የንጉሡ ፈረሰኞች) አለንጋና ግዞት ነው። በ1899 ጦርነትን የሚቃወሙት ክርስቲያኖች ኩዌከሮች ረድተዋቸው፣ ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይም ከአንድ ልብ ወለዱ ያገኘውን ገንዘብ ሰጥቷቸው፣ 7,500 ያህሉ በመርከብ ካናዳ ገቡ።

ካናዳ ያኔ ሜዳውን የሚያርስላት ሰው አጥታ ነበር። ከውትድርና ነፃ አደረገቻቸው፤ በየእርሻው ተበታትነው ሳይሆን በመንደር ተሰባስበው እንዲኖሩም ፈቀደች። ዛሬ ሳስካቼዋን በሚባለው ምድር ወደ 60 የሚጠጉ መንደሮች ቆረቆሩ። አንድ መንገድ፣ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ቤቶች፣ ግንድ ተደርድሮ በጭቃና በጭድ የተመረገ ግድግዳ። ወንዶቹ ገንዘብ ፍለጋ የባቡር ሐዲድ ሥራ ሲሄዱ፣ የእርሻ ከብት ስላልነበረ ሴቶቹ በጥንድ በጥንድ ተሰልፈው ማረሻውን ራሳቸው ጎትተዋል። ፎቶው አለ። ብዙ ሰው «ምስኪኖች» ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ያን ድንግል መሬት ማን እንደከፈተው የሚያሳይ ማስረጃ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። እነዚያ መንደሮች የት ገቡ? ካርታ ይዘህ ስትሄድ የምታገኘው የካኖላ (የዘይት እህል) እና የስንዴ ማሳ ነው። እድለኛ ከሆንክ ያልታረሰ ጥግ ላይ ጎድጎድ ያለ መሬት ታያለህ፤ የምድር ቤት ጉድጓድ የነበረ ነው። መጀመሪያ ወጣቱ ወደ ከተማ ስለፈለሰ ይመስለኝ ነበር። መልሱ ያለው የመሬት ወረቀቱ ላይ ነው። የያኔው የካናዳ ሕግ ለአንድ አባወራ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ ግን በግል ስም ተመዝግቦ፣ የባለቤትነት ደብተሩ ሲወሰድም ለእንግሊዙ ንጉሥ ታማኝነት ተምሎ። እነዚህ ደግሞ አንድ ላይ የሚያርሱ፣ አንድ ጎተራ የሚያስገቡ፣ መሐላ የማይምሉ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ባለሥልጣኖቹ አላጠበቁም። ፍራንክ ኦሊቨር መሬቱ የሚመለከተው ሚኒስትር ሲሆን አጠበቀ። በ1907 እምቢ ያሉት መሬታቸውን ተነጠቁ፤ የተተወላቸው በነፍስ ወከፍ 15 ኤከር ነው። ከ1908 ጀምሮ 5,000 ያህሉ መሪያቸውን ፒተር ቬሪጊንን ተከትለው በስተምዕራብ ወዳለው ክፍለ ሀገር፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ገቡ፤ እዚያ መሬቱን በግዢ ስላገኙት የሚያስምላቸው አልነበረም። የቀሩት «ነፃዎቹ» የሚባሉት ወረቀቱን ተቀብለው በየራሳቸው እርሻ ላይ ሰፈሩ። ስለዚህ የሄደውም የቀረውም መንደሩን ለቀቀ። ይህ ከገባኝ በኋላ ባዶው ማሳ ራሱ ታሪክ ይነግረኝ ጀመር።

መጀመሪያ የት ልሂድ ለምትሉ፣ ብሌን ሌክ የሚባለው ከተማ ቅርብ ነው። እዚያ አካባቢ የመጀመሪያዎቹን ክረምቶች ያሳለፉበት፣ የገደል ጎን ተፈልፍሎ የተሠራ የጉድጓድ ቤት አለ። የሳስካቼዋንን ብርድ የምታውቁ ሰዎች እዚያ ቆማችሁ ጥር ወርን አስቡት። ሩቁ ቬረጊን የሚባለው ትንሽ ከተማ ነው፤ ከዮርክተን በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ካምሳክ ሳይደርሱ። የ1917ቱ የጸሎት ቤት እዚያ አለ፦ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ የበረንዳው ጠርዝ እንደ ጥልፍ በተቆረጠ ብረት ያጌጠ። ለሥዕልና ለመስቀል እምቢ ያለ ሕዝብ እጁን ያፍታታው በረንዳው ላይ ነው። ግቢው ውስጥ የቶልስቶይ ሐውልት፣ የዳቦ ምድጃና መታጠቢያ ቤት አለ። በ1908 የተሠራው ረጅሙ የእንጨት የእህል ጎተራም ከተማው ውስጥ ነው። ጠጠር መንገድ ላይ ዝናብ ከመጣ ግን ወደ ኋላ ተመለሱ። ጭቃው ቀልድ አያውቅም።

ሰዎቹን ማግኘት ከቤቶቹ ይከብዳል፤ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ የቀሩትም አብዛኞቹ አዛውንት ናቸው። አስቀድሞ መደወል ግድ ነው። ጸሎት ላይ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ ይቆማሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ዳቦ፣ ጨውና ውሃ ብቻ። የሙዚቃ መሣሪያ የለም፣ ከበሮ የለም። መዝሙሮቹ ለዘመናት በቃል ሲወርዱ የኖሩ ናቸው። አንዷ ቃል ተጎትታ ተጎትታ፣ ሩሲያኛ የሚችለውም ሰው ምን እንደተባለ እስኪጠፋው ትቆያለች። በያሬድ ዜማ ያደገ ጆሮ አይቸገርም። ከዚያ እርስ በርስ ይሰጋገዳሉ፤ ለሰውየው ሳይሆን በውስጡ ላለው አምላክ ነው።

አንድ ምክር፦ ለተቃውሞ ራቁታቸውን ስለወጡትና ቤት ስላቃጠሉት ዱኮቦሮች አትጀምሩ። እነዚያ «የነፃነት ልጆች» የሚባሉ አንድ ክፍል ናቸው (ከላይ ካልኳቸው «ነፃዎቹ» ጋር አይምታታባችሁ)። በ1903 እዚሁ ሜዳ ላይ ጀምረው በኋላ የገነኑት ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነው። ጋዜጣ ግን ከሌላው ሁሉ እነሱን ወደደ፤ የቀረው ሕዝብም እስከ ዛሬ ዕዳውን ይከፍላል። ስለ ዳቦ ወይ ስለ ሾርባቸው ስለ ቦርሽ ጠይቁ፣ ወሬው በራሱ ይመጣል።

ቦርሹ ሥጋ የለውም፤ የጾም መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ፣ ቅቤና ክሬሙ ሌላ ነው። ጥቅል ጎመኑ በስሱ ተከትፎ በቅቤ ይቁላላል። ድንቹ ተቀቅሎ ከክሬም ጋር ይፈጫል። ቀይ ሥሩ ሳይከተፍ ገብቶ ቀለሙን ከሰጠ በኋላ ይወጣል። መጨረሻ ላይ እንስላል የመሰለው ዲል በብዛት ይነሰነስበታል። እቤት ሞክሬው ልጆቹ ሁለተኛ ሳህን ጠየቁ። ዳቦው ግን በቤት ምድጃ አይሆንም። የጡብ ምድጃው ውስጥ እንጨት ነዶ፣ ፍሙ ተጠርጎ፣ ሊጡ የጋለው ጡብ ላይ ይቀመጣል። ቬረጊን መሄድ የማትችሉ በሳስካቱኑ የበጋ ኤግዚቢሽን ላይ ሲጋግሩ ታገኟቸዋላችሁ፤ ትኩሱን ቅቤ ቀብታችሁ እዚያው ቁሙና ብሉ።

ቀጥሎ ጎረቤቱ ክፍለ ሀገር አልበርታ ነው፤ ካውሊና ሉንድብሬክ ዘንድ ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተመልሰው የሰፈሩ ነበሩ። የድሮውን ቀን ቁጥር እንዳለ ይዘው በዛሬው አቆጣጠር ጁን 29 አካባቢ የጦር መሣሪያው የተቃጠለበትን ቀን ስለሚያስቡ ጉዞውን ለዚያ ሳምንት ይዤዋለሁ። ካልጋሪ ያላችሁና መንገዱን የምታውቁ ጻፉልኝ። መኪናው ውስጥ ሁለት ቦታ አለ፤ ነዳጅ በጋራ።