5,000ው ሴሊካ የት የት ገባ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ተቀምጦ የቶዮታ ሴሊካን የምርት ታሪክ መመዝገብ ምን ይሉታል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ከተማችን ውስጥ የሚታየው ባጃጅ፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ላንድክሩዘር ነው። ሴሊካ፣ ያውም ተርቦ ያለው፣ ያውም በተወሰነ ቁጥር ብቻ የተመረተው፣ በዚህ መንገድ ሲያልፍ አይቼ አላውቅም። ግን መኪናው ታሪክ አለው፤ ታሪኩ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እየተበላሸ ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው ይገለብጣል፣ ሌላው ቁጥር ይጨምርበታል፣ መጨረሻ ላይ ማን ምን እንዳለ አይታወቅም። እኔ ደብተር ይዤ እየለየሁት ነው። ዛሬ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መኪናው ሴሊካ ጂቲ ፎር ይባላል፣ የሞዴል ኮዱ ኤስቲ185። ሞተሩ 3ኤስ ጂቲኢ፣ ባለ 2 ሊትር፣ ተርቦ ያለው፣ በአራቱም ጎማ የሚስብ። መደበኛው ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ በብዛት ተሽጧል። እኔ የምከታተለው ግን በ1991 በተለየ ሁኔታ የተሠራውን ነው። ብዛቱ 5,000። ከዚያ በኋላ አልተደገመም።

ለምን 5,000? ሰው "ሊሚትድ" (በቁጥር የተወሰነ) ሲባል ድርጅቱ ዋጋ ለማስወደድ ሆን ብሎ ያሳነሰው ይመስለዋል። እዚህ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ቶዮታ በዓለም የራሊ ሻምፒዮና፣ ማለትም በጠጠርና በጠመዝማዛ መንገድ በሚደረገው የመኪና ውድድር፣ ለመወዳደር ፈለገ። የጊዜው ደንብ፣ ግሩፕ ኤ የሚባለው፣ አንድ መኪና ለውድድር እንዲፈቀድለት በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 5,000 ተመሳሳይ መኪና ተሠርቶ ለሕዝብ መሸጥ አለበት ይላል። ስለዚህ 5,000 ጣሪያ ሳይሆን ወለል ነው። ቶዮታ ደንቡ የጠየቀውን ያህል ሠርቶ አቆመ። ይህን ያልተረዳ ሰው የመኪናውን ታሪክ ሲጽፍ ከመጀመሪያው ይስታል፣ ምክንያቱም በመኪናው ላይ ያለው ለውጥ ሁሉ የተደረገው ለገዢው ሳይሆን ለውድድሩ ነው።

ለውጦቹን አንድ በአንድ ማየት ያስደስተኛል። ትልቁ ኢንተርኩለሩ ነው፤ ከተርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል። ተርቦ የሚሠራው በጭስ ኃይል ነው፤ የሚወጣው ጭስ ተርባይኑን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑ በሌላኛው ጫፍ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። ሲሞቅ ደግሞ ይሳሳል፣ የተጨመቀበት ጥቅም ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት መቀዝቀዝ አለበት። መደበኛው ኤስቲ185 ላይ ይህ የሚደረገው በነፋስ ነው፤ ኮፈኑ ላይ አፍ አለ፣ መኪናው ሲሄድ ነፋስ ይገባበታል። በ1991ዱ ላይ ግን በውሃ ሆነ። የራሱ ውሃ፣ የራሱ ትንሽ ራዲያተር፣ የራሱ ፓምፕ አለው።

ይህ ለምን እንዳስፈለገ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አይከብድም። ዓባይ በረሃን አስቡት። ከጎሐ ጽዮን ወርዳችሁ፣ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ወደ ደጀን ስትወጡ መኪናው በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚያቃስተው። ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን እየሠራ ነው፣ ፍጥነቱ ግን የሰው ሩጫ ያህል ነው። ነፋስ የለም። ሙቀቱ ደግሞ የበረሃ ነው። በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ኢንተርኩለር ያን ጊዜ ብዙም አይረዳም። ራሊ ላይ ያለው ችግር ይኸው ነው፤ ጠመዝማዛ፣ ዳገት፣ ጭቃ፣ ሞተሩ እያጓራ መኪናው ቀስ የሚልበት ቦታ። ውሃ ሙቀቱን ስለሚሸከም ለዚያን ያህል ጊዜ ያስታግሳል።

ኮፈኑም ተቀየረ። ነፋስ የሚያስገባው ትልቁ አፍ ስለማያስፈልግ ቀረና፣ በምትኩ የሞተሩን ሙቀት የሚያስወጡ ቀዳዳዎች መጡ። የፊት ፓራውልቱም ሰፋ ያለ ክፍተት ያለው ሆነ። ከሩቅ መደበኛውን ከልዩው የምትለዩት በዚህ ነው።

ሌላው ተርባይኑ ራሱ ነው። በጃፓን የሚሸጠው መደበኛ መኪና የሴራሚክ ተርባይን አለው። ሴራሚክ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይነሳል፣ ነዳጅ ስትረግጡ አይዘገይም። ችግሩ ግፊቱ ሲጨመር መሰባበሩ ነው። የራሊ ቡድን ደግሞ ግፊቱን መጨመሩ አይቀርም። ስለዚህ በ5,000ው ላይ ብረት ገባ። ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ይችላል። በጃፓን የቀረበው 235 የፈረስ ጉልበት ነበረው፣ መደበኛው 225። በወረቀት ላይ የ10 ፈረስ ልዩነት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መኪና በፈረስ ጉልበቱ አይለካም ባይ ነኝ፤ ዋናው ነገር ምን ያህል ሊጫንበት እንደሚችል ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ይህ መኪና ሦስት ስም አለው። ጃፓን ውስጥ "አርሲ" ይባላል። አውሮፓ ውስጥ በስፔናዊው ሹፌር ስም "ካርሎስ ሳይንዝ" ተብሎ ተሸጠ፤ ሳይንዝ በ1990 በቀድሞው ሴሊካ፣ በኤስቲ165፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ስለነበር ስሙ ገበያ ነበረው። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ "ግሩፕ ኤ ራሊ" ተባለ። ይህን የማያውቅ ሰው ሦስት የተለያዩ ሊሚትድ መኪኖች ያሉ ይመስለውና እያንዳንዳቸው 5,000 ናቸው ብሎ ይጽፋል። አይደለም። ድምሩ አንድ ነው። ከ5,000ው ውስጥ 1,800ው ጃፓን ቀረ። 440ው እንግሊዝ ሄደ። 150ው አውስትራሊያ ገባ። ከቀረው አብዛኛው በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተበተነ። ስለዚህ አንድ ሰው "ከ440 አንዱ ነው" ሲል እውነቱን ነው፣ "ከ5,000 አንዱ ነው" የሚለውም እውነቱን ነው። ሁለቱ ስለ ተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት። መዝጋቢ ይህን ለይቶ መጻፍ አለበት፤ ካልለየ ገዢና ደላላ እንደፈለጉ ያደርጉታል።

ታዲያ አንድ መኪና ከ5,000ው መሆኑ በምን ይታወቃል? በካርሎስ ሳይንዝ ስም በተሸጡት ውስጥ ቁጥር የተቀረጸባት ትንሽ ሰሌዳ አለች። ሰው የሚኮራው በእሷ ነው። እኔ ግን እሷን እንደ ማስረጃ አልቆጥራትም። ትፈታለች፣ ወደ ሌላ መኪና ትሄዳለች፣ ትሸጣለች። ደግሞም ቁጥሯ ከፋብሪካ የወጣበትን ተራ ያሳያል ማለት አይደለም። የማይዋሸው ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ሞተር ክፍል ውስጥ ያለችው የቶዮታ ሰሌዳ።

እዚህ ከተማ አንድ መካኒክ ወዳጅ አለኝ፣ ከእሱ ጋር በአንድ አሮጌ የጃፓን ቶዮታ ላይ እንዴት እንደሚነበብ ደጋግመን ሠርተነዋል። መጀመሪያ ቦታውን በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ታሻላችሁ። የዓመታት ዘይትና አቧራ አብሮ ተጋግሮ እንደ ቅርፊት ነው የሚነሳው። ከሥሩ ፊደል ብቅ ይላል። ከዚያ ስስ ወረቀት ታስቀምጡና በእርሳስ ጎን ቀስ እያላችሁ ትቀባላችሁ፣ ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ፎቶ ብቻ ማንሳት አይበቃም፤ ጥላ 3ን 8 ያስመስለዋል። ወረቀቱ ግን የብረቱን ቅርጽ ነው የሚያመጣው፣ ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና የተመታ ከሆነም ያስታውቃል፤ መስመሩ ይዛባል፣ ጥልቀቱ እኩል አይሆንም።

ሰሌዳዋ ላይ ደግሞ የሞዴል ኮድ፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ዓይነት፣ የቀለምና የውስጥ ጨርቅ ኮድ፣ የካምቢዮና የአክስል ኮድ አለ። የሞዴል ኮዱ ነው ትልቁ ነገር። መኪናው ምን ሆኖ እንደተወለደ እሱ ይናገራል። ኮፈን ይቀየራል፣ ፓራውልት ይቀየራል፣ ኢንተርኩለርም ይገጠማል፣ ኮዱ ግን አብሮ አይለወጥም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና የሻንሲ ቁጥር ውስጥ ዓመተ ምሕረት የለም። የሞዴሉ ኮድ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ተከታታይ ቁጥር፣ በቃ። እዚህ አገር ሊብሬ ላይ የተጻፈውን የሥሪት ዘመን እንደ ወንጌል የምናይ ብዙዎች ነን፣ ግን ያ ቁጥር ከሻንሲው የተነበበ ሳይሆን ከሌላ ወረቀት የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ዘመኑን ከመኪናው ለማግኘት ከፈለጋችሁ የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ከታች በኩል ጨርቁ ላይ የተሰፋች ምልክት አለች፣ ብዙ ጊዜ የተሠራበት ዘመን ይገኝባታል። የቀበቶው ነው እንጂ የመኪናው አይደለም፣ ግን ከመኪናው ብዙም አይርቅም። ቀበቶው 1991፣ ሻጩ 1989 ካለ ጥያቄ አለ ማለት ነው።

ወደ ውድድሩ ስንመጣ ልቤ ይሞቃል። መኪናው በ1992 እ.ኤ.አ. መወዳደር ጀመረ። በዚያው ዓመት ካርሎስ ሳይንዝ ኬንያ ውስጥ የሳፋሪ ራሊን አሸነፈ፣ ዓመቱም ሲያልቅ ለሁለተኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሳፋሪው በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1984 መሆኑ ነው። ያን ጊዜ የጎጃም መንገድ ራሱ ጠጠር ነበር፤ ጎረቤታችን ኬንያ ላይ ሴሊካው የበረረበት መንገድ ለእኛ አባቶች ሹፌሮች እንግዳ አይሆንም ነበር። በቀጣዩ ዓመት 1993 ሳፋሪ ላይ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ቶዮታ ገባ፣ ፊንላንዳዊው ዩሃ ካንኩነን ከፊት። ካንኩነን የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ፣ ቶዮታም የአምራቾችን ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው የጃፓን ድርጅት ሆነ። በ1994 ፈረንሳዊው ዲዲየር ኦሪዮል ሻምፒዮን፣ ቶዮታ ደግሞ እንደገና። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ሹፌር። የ5,000ው መኪና ውጤት ይህ ነው።

ተከታዩ ኤስቲ205 ሲመጣ ደንቡ ቀንሶ 2,500 ሆኗል፣ ቶዮታም 2,500 ሠራ። ከእነሱ 2,100ው ጃፓን ቀረ። የዚህን መኪና ታሪክ ስጽፍ ግን የ1995ቱን መዝለል አልችልም፣ ቶዮታን የቱንም ያህል ብወድ። በስፔኑ የካታሎኒያ ራሊ ላይ ወደ ተርቦው የሚገባውን አየር የሚገድበው ቀለበት ሲመረመር፣ መኪናው ላይ በተገጠመበት ጊዜ ተጨማሪ አየር በጎን እንዲያልፍ፣ ሲፈታ ደግሞ ደህና መስሎ እንዲታይ ተደርጎ መሠራቱ ተገኘ። የዓመቱ ነጥብ በሙሉ ተሰረዘ፣ ቡድኑም ለ12 ወር ታገደ። የድሉን እየመዘገቡ የዚህን መተው መዝገብ አይባልም። ምርጥ መሐንዲሶች ነበሩ፣ አጠፉ፣ ተቀጡ፣ ተጽፎ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ጎጃም ውስጥ ምን ይሠራል ለሚለኝ፣ ተርቦ የደጋ ሰው ነገር ነው እለዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ሳይበላሽ ኃይሉ ይቀንሳል፣ አየር ስለሚያንሰው። ተርቦ ያለው ግን የጎደለውን ጨምቆ ይሞላል። ደጀን ዳገት ላይ አንዱ ቀድሞ ሌላው ወደ ኋላ የሚቀረው በሹፌር ችሎታ ብቻ አይደለም።

ሴሊካው ራሱ ከአሁን በኋላ የሚመጣ አይመስለኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን አክብዶታል፣ በ2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ነው ያለው። ያለውን ደግሞ ማንም አልመዘገበውም። ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ፣ ሞጣ ውስጥ በየጋራዡ ጓሮ የቆሙ የድሮ ቶዮታዎች አሉ፤ ሰሌዳቸው ሳይነበብ ለቁራጭ ብረት እየተሸጡ ነው።

እናንተ ጋ አሮጌ ተርቦ ቶዮታ ካለ፣ ሴሊካም ባይሆን ላንድክሩዘርም ይሁን፣ የሞተር ክፍሉን ሰሌዳ ፎቶ፣ የሻንሲ ቁጥሩን የእርሳስ ወረቀትና የቀበቶውን ምልክት ላኩልኝ። ታርጋውንና የባለቤቱን ስም ሸፍኑት፣ እሱ አያስፈልገኝም። መኪናው ከየት እንደተገዛና በየትኛው መንገድ ሲሠራ እንደኖረ የምታውቁት ካለ አብራችሁ ጻፉ። ከቻላችሁ ሹፌሩን ራሱን ጠይቁት፣ በተለይ ዓባይ በረሃን በጠጠሩ ዘመን የወጡትን። ቀጥሎ የምጽፈው ስለ ኤስቲ205 ነው፤ ከጃፓን ውጭ የሄዱት 400 መኪኖች ወዴት ወዴት እንደተበተኑ አገር በአገር እየለየሁ ነው።