ለአንድ ትዕይንት ሲባል

ዛሬ የሐዋሳ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ሲለን ከወንድሜ ጋር «ጎስት ሺፕ»ን አየን፣ የ2002ቱን የሆሊውድ ፊልም። ፊልሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መክፈቻው ግን! መርከብ ላይ ሰው ሁሉ አምሮበት ይደንሳል። ድንገት ቀጭን የብረት ገመድ ይበጠስና ዳንሰኞቹን ቆርጦ ያልፋል። ከዚያ ዝም። ለጥቂት ሰከንድ ማንም አይወድቅም፣ ምን እንደደረሰባቸው ሳያውቁ ቆመው ይተያያሉ፣ ትንሿ ልጅ ብቻ አጭር በመሆኗ ገመዱ በአናቷ በላይ አልፏት ቀና ብላ ታያቸዋለች። ያቺን ዝምታ ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ! ቀሪው የወርቅ ፍለጋና ጩኸት ነው፣ ከአሁኑ እየረሳሁት ነው። ቢሆንም «አይረባም» ብሎ ማለፍ አይዋጥልኝም። የኛም ሀገር ፊልሞች ውስጥ እንዲህ ያሉ ደቂቃዎች አሉ፣ ማንም ሳያነሳቸው የቀሩ። እስቲ የምታስታውሱትን ጻፉልኝ፣ ፈልጌ አያለሁ።