በኪሎ የተሸጠ የጣሊያን ኮርስ ብስክሌት፦ ምንነቱን መለየትና ዋጋውን መገመት

ሰበታ፣ ዓለም ገና፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ። ከከተማው ወጣ ባሉት በእነዚህ ሰፈሮች ቁራሌው ከየቤቱ የለቀመው ብረት ወደ ማቅለጫ ከመጫኑ በፊት መጋዘን ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል። አልፎ አልፎ ከአሮጌ አልጋና ከተጣመመ ላሜራ መሃል ቀጭን ቱቦ ያለው ኮርስ ብስክሌት ብቅ ይላል። ሻጩ የሚያስበው በሚዛን ነው። ጥሩ የጣሊያን ኮርስ ከነሙሉ ዕቃው 10 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ ተራው የከተማ ብስክሌት 15 ኪሎም ከዚያ በላይም ይደርሳል። ስለዚህ ሚዛን ላይ የተሻለው ብስክሌት ይረክሳል። ገዢውን የሚጠቅመው ይህ የተገላቢጦሽ ሂሳብ ነው።

ደግነቱ የጋራዥ አማርኛችን ግማሹ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ቸርኬ፣ ራጂ፣ ሞዞ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ዳዶ። ስለ ዕቃው ከሰፈር ጠጋኝ ጋር ለመነጋገር አስተርጓሚ አያስፈልግም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቱቦው ላይ የተጻፈውን ስም ነው። እኔ ስሙን መጨረሻ ነው የማየው። ቢያንኪ እ.ኤ.አ. በ1885 ሚላን ውስጥ የተመሠረተ ፋብሪካ ነው (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ታዋቂው ጣሊያናዊ ብስክሌተኛ ፋውስቶ ኮፒ የተወዳደረበትንም፣ ወደ ገበያ መሄጃ የሆነውን ከባዱንም ብስክሌት የሸጠው በዚያው ስም ነው። ሌኛኖና አታላም እንደዚሁ። በዚያ ላይ ስቲከር ለብቻው ይሸጣል፣ የእኛ አገር ብስክሌት ደግሞ ሦስት አራት ጊዜ ቀለም ያልተቀባ ብርቅ ነው። ቀለም ይዋሻል፣ ብረት ግን ለመዋሸት ብዙ ወጪ ይጠይቀዋል።

እንግዲህ ከኋላ ጀምሩ። የኋላ ጎማው አክሰል የሚቀመጥበትን የሹካ ጫፍ ተመልከቱ፤ በተለይ የቀኙን፣ ካምቢዮ (ማርሽ ቀያሪው) የሚታሰርበትን። ርካሽ ብስክሌት ላይ ይህ ጫፍ ከላሜራ የተቆረጠ ስስ ነገር ነው፤ ካምቢዮውም በተጨማሪ ቁራጭ ብረት ከአክሰሉ ጋር ተጠብቆ ይንጠለጠላል። ጥሩው ላይ ግን ጫፉ ወፈር ብሎ የተቀጠቀጠ ብረት ነው፤ የካምቢዮው ማሰሪያ ጆሮ አብሮት ተሠርቷል፣ ከጀርባውም አክሰሉን የሚያስተካክሉ ሁለት ቀጫጭን ቪቴዎች አሉት። የዘይት ቀለም በወፍራሙ ተቀብቶ ከሆነ በጥፍር ወይም በፕላስቲክ ቁራጭ ፈቅ አድርጉት፤ ካቻቢቴ አትጠቀሙ። ከቀለሙ ሥር ‘ካምፓኞሎ’ (ታዋቂው የጣሊያን የብስክሌት ዕቃ ሠሪ) የሚል ስም በላቲን ፊደል ተቀርጾ ካገኛችሁ የሠራው ሰው ለዕቃው ገንዘብ አውጥቷል ማለት ነው። የሠሪውን ማንነት አይነግራችሁም፤ ደረጃውን ግን ይነግራችኋል።

ቀጥሎ መቀመጫውን የተሸከመውን ዘንግ አውጡና ውፍረቱን በካሊፐር ለኩ። አብዛኛውን ጊዜ ዘንጉ ላይ ከታች ቁጥሩ ተመትቷል። 27.2 ሚ.ሜ ከሆነ ቱቦው ስስና ጥሩ ነው፤ የጣሊያኑ ቱቦ ሠሪ የኮሎምቦስ ኤስ ኤል ልክ ይህ ነው። የኤስ ኤል ቱቦ ጫፍና ጫፉ ላይ 0.9፣ መሃሉ ላይ 0.6 ሚ.ሜ ነው። 27.0 ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤስ ፒ የሚባለው፣ ለከባድ ሰውና ለትልቅ ቴላዮ (ቱቦዎቹ ተያይዘው ለሚሠሩት የብስክሌቱ ዋና አካል) የተሠራው ወፈር ያለው ቱቦ ነው። ልኩ 26.4 እና ከዚያ በታች እየወረደ ከሄደ የቱቦው ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ውጪው ለሁሉም እኩል ስለሆነ ውስጡ የጠበበው ብረቱ ስለበዛ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀጭን ዘንግ አስገብቶ ክፍተቱን በቆርቆሮ መጠቅለል የተለመደ ብልሃት ነው። ስለዚህ ዘንጉን ብቻ አምናችሁ እንዳትቀሩ፤ የቱቦውንም አፍ ለኩ። አፉ በቡሎን ተጨንቆ ሊጠብ ስለሚችል ካሊፐሩ ወደ ውስጥ በገባ መጠን ይሻላል።

መሪውን ፈትታችሁ የፊት ሹካውን ካወጣችሁ ደግሞ የሹካውን አንገት ከሥር ወደ ውስጡ በባትሪ እዩት። የኮሎምቦስ ጥሩ አንገት ታች ውስጡ ላይ እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ የተነሡ መስመሮች አሉት። ስቲከሩ ከተላጠ ሃምሳ ዓመት ቢሆነውም መስመሮቹ እዚያው ናቸው።

ዕድሜውን የሚነግረው በአብዛኛው ካምቢዮው ነው። ካምፓኞሎ ኑዎቮ ሬኮርድ የተባለው ካምቢዮ ከ1967 ጀምሮ የተሠራ ነው፤ በ1970ዎቹ የወጣው የኋላ ካምቢዮ አካሉ ላይ ‘ፓተንት’ ከሚለው ቃል ቀጥሎ ሁለት አኃዝ ተመትቶበታል። 74 ካለ የ1974 ዕቃ ነው። የፔዳሉን ክንድ ገልብጣችሁ ከጀርባ ስታዩት አንድ አኃዝ በትንሽ ዳይመንድ ውስጥ ከተቀረጸ የ1970ዎቹ፣ በክብ ውስጥ ከሆነ የ1980ዎቹ ነው። ይህ የሚነግራችሁ የዕቃውን ዕድሜ ነው፣ የቴላዮውን አይደለም። እንግዲያውስ ከቴላዮው ጋር አስተያዩት፦ በኋላ ሹካው ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ስፋት 120 ሚ.ሜ ከሆነ ለኋላ 5 ማርሽ፣ 126 ከሆነ ለ6 ወይም ለ7፣ 130 ከሆነ ለ8 እና ከዚያ በላይ የተሠራ ነው። 120 ስፋት ያለው ቴላዮ ላይ የ1984 ካምቢዮ ከተገኘ አንድ ቦታ ዕቃ ተቀይሯል። የፍሬን ሽቦ በላይኛው ቱቦ ላይ በክሮም ቀለበት ታስሮ የሚሄድ ከሆነ ወደ ቀደሙት ዓመታት፣ የካምቢዮ ሽቦ ከፔዳሉ ቤት ሥር የሚያልፍ ከሆነ ወደ 1980ዎቹ አስቡ።

አሁን ስሙ። ከጣሊያን ብስክሌት ሠሪዎች ኮልናጎ የካርታ አበባ፣ ደ ሮዛ ልብ ምልክት አላቸው፤ ይህን ምልክት መጋጠሚያው ብረት ላይ ወይም ከፔዳሉ ቤት ሥር ቀድደው ያስቀምጡታል። ቀዳዳ ደግሞ በቀለም አይጠፋም፤ ተደፍኖም ከሆነ በመርፌ ይገኛል። ከሥር የተመታው ቁጥር ግን እንዳያታልላችሁ፤ ‘56’ ከሆነ መለያ ቁጥር ሳይሆን የቴላዮው ልክ በሴንቲሜትር ሊሆን ይችላል። የመሪው ክንድ ወይም የፊት ጥርሱ ላይ የሠሪው ስም ተቀርጾ በቀለም የተሞላ ከሆነ ጥሩ ምስክር ነው፤ ሆኖም እነዚህም ተፈትተው የሚገጠሙ ዕቃዎች ናቸው።

ቀደም ሲል ያልኩት ችግር እዚህ ላይ ነው። የፔዳሉ መሃል ቤት፣ ማለትም አክሰሉና ኩሽኔታው ያሉበት አግዳሚ ቱቦ፣ ጣሊያኖቹ ጋ የራሱ ሕግ አለው። ስፋቱ 70 ሚ.ሜ፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝበት ጥርስ 36 ሚ.ሜ፣ በኢንች 24 ነው፤ ግራም ቀኝም በኩል ጥርሱ ቀኝ ዙር ነው። እንግሊዛዊው ልክ፣ እኛ ሰፈር የምናውቃቸው የቻይናና የህንድ ብስክሌቶች የሚከተሉት፣ ስፋቱ 68 ሆኖ በቀኝ በኩል ጥርሱ ግራ ዙር ነው። ልምድ ያለው ጠጋኝ እጁ የለመደውን ስለሚያደርግ የጣሊያኑን የቀኝ ክዳን ለመፍታት ወደ ቀኝ ያዞራል። አልፈታም ሲለው በቁልፉ ላይ ቱቦ ያስረዝማል፤ እያጠበቀ እንደሆነ አያውቅም። መጨረሻው ወይ የክዳኑ ጠርዝ ይላጣል፣ ወይ የቴላዮው ጥርስ ይበላል። ጥርሱ የተበላ ቴላዮ ደግሞ እዚህ ማን ያወጣለታል?

ስለዚህ ቁልፍ ከመነካቱ በፊት ስፋቱን ለኩ፣ ክዳኑ ላይም ‘36 × 24’ የሚል ካለ አንብቡ። ቢጫ ጠመኔ ወይም እስክሪብቶ ይዛችሁ የመፍቻውን አቅጣጫ ቴላዮው ላይ በቀስት ብትስሉ አያሳፍርም። የቀኙን ክዳን በረጅም ቡሎንና በዳዶ አጣብቆ የመፍታት ብልሃት ለእንግሊዙ እንጂ ለጣሊያኑ አይሠራም፤ ክዳኑ መፈታት ሲጀምር ቡሎኑም አብሮ ይላላል። የሚሻለው የክዳኑን ሁለት ጠፍጣፋ ጎኖች ጠንካራ ሞርሳ ውስጥ ማሰር፣ ቴላዮውን በቀኝ ጎኑ አግድም አስተኝቶ እንደ መኪና መሪ በሁለት እጅ መያዝ፣ ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ወደ ግራ ማዞር ነው። አንድ ቀን ቀድሞ ዝገት መፍቻ ዘይት ይጠጣ። ሲመለስ በደንብ ይጥበቅ፤ የጣሊያን ቀኝ ክዳን በፔዳሉ ግፊት ራሱ እየላላ የመውጣት አመል አለው።

ክዳኑ ከወጣ በኋላ ቴላዮውን ገልብጣችሁ መታ መታ አድርጉት። የክረምት ውኃ በመቀመጫው ቱቦ ወርዶ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ቡናማ ዱቄት ከሆነ የወጣው ምንም አይደለም፤ ቅርፊት ቅርፊት ከሆነ አሳሳቢ ነው። 0.6 ሚ.ሜ ብረት ብዙ የሚበላ ነገር የለውም።

ግጭት የደረሰበትን ለመለየት ጣታችሁን ከመሪው አንገት ጀርባ፣ በላይኛውና በታችኛው ቱቦ ሥር አሂዱት። ዓይን ያላየውን እብጠት ጣት ያገኘዋል። ከዚያ ክር ውሰዱ፦ ከኋላው ግራ ጫፍ ተነሥቶ በመሪው አንገት ዞሮ ወደ ቀኝ ጫፍ ይወጠር። ክሩ ከመቀመጫው ቱቦ ያለውን ርቀት በሁለቱም በኩል ለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 ወይም ከ2 ሚ.ሜ ካለፈ ኋላው ተጣሟል። ሳልዳቶ የነካው ካለ ግን ምርመራው ሳያልቅ አለቀ። እነዚህ ቱቦዎች የተያያዙት ቀልጦ በሚፈስ ነሐስ ወይም ብር ነው፤ የበር ሠሪ ኤሌክትሪክ ብየዳ ስሱን ቱቦ ያቃጥለዋል፤ ስንጥቁም ከብየዳው አጠገብ ይመጣል። እንዲህ ያለ ቴላዮ የሚገዛው ለዕቃው ብቻ ነው።

ዕቃው ላይ ደግሞ አንድ ቦታ አጥብቃችሁ እዩ። የካምፓኞሎ የቀኝ ክንድ አምስት ጣቶች አሉት፤ ከጣቶቹ አንዱ ከዋናው ክንድ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ የመሰንጠቅ የታወቀ ድክመት አለበት። በጨርቅና በነጭ ጋዝ አጥሩትና ፀሐይ ላይ እዩ። ፀጉር የመሰለ ጥቁር መስመር ከታየ ክንዱ አበቃለት፤ የሚሸጠው ጥርሱ ብቻ ነው።

ቸርኬው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቆዩ ኮርሶች በአብዛኛው በሙጫ የሚለጠፍ፣ ከመነዳሪው ውስጡ የተሰፋበት ጎማ ነው የሚጠቀሙት። ቸርኬው ጠርዝ የለውም፤ ላዩ እንደ ጥልቀት አልባ ሳህን ጎድጎድ ያለ ነው። ዲያሜትሩ ከ700 ጎማ ጋር ስለሚቀራረብ ተራ ጎማ ገብቶ የሚሠራ ይመስላል፤ ሲነፋ ግን ይወጣል፣ ቁልቁለት ላይ ከወጣ ደግሞ ሰው ይጥላል። መፍትሔው ሞዞውን ይዞ ባለ ጠርዝ የ700 ቸርኬ ላይ እንደገና በራጂ ማሰር ነው። ሞዞው ላይ ያለውን የራጂ ቀዳዳ ቁጠሩ፤ ብዙውን ጊዜ 36 ነው።

ዋጋ ሲገመት ኢንተርኔት ላይ ሻጭ የጠየቀውን አትመልከቱ፤ የተሸጠበትን ፈልጉ። በሁለቱ መካከል ሰማይና ምድር ነው። የመጀመሪያ ቀለሙና ጽሑፉ ያልተነካ፣ ቢላጥም ቢደበዝዝም፣ አዲስ ከተቀባው ይበልጣል፤ ስለዚህ አታሳምሩት። ከ54 እስከ 58 ሴንቲሜትር ያለው ልክ ቶሎ ገዢ ያገኛል። አልሙኒየም ሆኖ ብረቱ ውስጥ የተጣበቀ የመቀመጫ ዘንግ ካለ ከዋጋው ብዙ ቀንሱ፤ ማስለቀቁ የሳምንታት ሥራ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ ቴላዮ በትልቅ ካርቶን ነው የሚላከው፣ ካምቢዮ ግን በትንሽ ጥቅል። ውጭ አገር ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው እውነተኛው ዋጋ ያለው በትናንሾቹ ዕቃዎች ላይ ነው፤ ለመንዳት ለሚፈልግ ደግሞ በቴላዮው ላይ። ለመንዳት ከሆነ የፊት ትንሹ ማርሽ ብዙ ጊዜ ባለ 42 ጥርስ ስለሆነ የኋላውን ትልቅ ማርሽ እስከ 26 ጥርስ ድረስ ማውጣት ይቻላል፤ ኑዎቮ ሬኮርድ ከዚያ በላይ ብዙም አይሸከምም። በዚያ ወደ እንጦጦ መውጣት ይቻላል፣ ግን ጉልበት ይጠይቃል።

መጋዘኑ ጋ ስትደርሱ የምትቸኩሉበት አንድ ምክንያት አለ። የቁራሌ ነጋዴ አልሙኒየምን ከብረት ለይቶ ነው የሚመዝነው፤ አልሙኒየም ይበልጣላ። ክንዱን ለመንቀል መንቀያ ስለሌለው በመዶሻ ነው የሚመታው። ካምፓኞሎ ክንድ መሃሉ ላይ ለመንቀያ የተሠራ የ22 ሚ.ሜ ጥርስ አለው፤ እዚያ ላይ አንዴ መዶሻ ካረፈ መንቀያው አይገባም፣ ክንዱም ሌላ መውጫ የለውም። ስለዚህ ከዋጋ ክርክሩ በፊት፦ ‘ወንድሜ፣ እባክህ አትፍታው፣ እንዳለ እወስደዋለሁ።’