ከ«ሰው አክባሪ፣ ሥራ ወዳድ» ባሻገር

ወንድሜ የተቀበረ ቀን የሕይወት ታሪኩ ተነቦ ያለቀው በአራት ደቂቃ ነው። አንድ ዘመዳችን በስልኩ ቀርጾት ስለነበር በኋላ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የተወለደበት ዓመት። የተማረበት ትምህርት ቤት። ሰንዳፋ የሠለጠነበት ጊዜ። ከኮንስታብል እስከ ዋና ሳጅን የደረሰበት ማዕረግ። ከዚያ «ሰው አክባሪ፣ ሥራ ወዳድና ታታሪ ነበር»። ከዚያ «ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበር»። ከዚያ «ነፍሱን በገነት ያኑርልን»።

ሰንደቅ ዓላማ የለበሰው ሣጥን ፊቴ ነበር። የፖሊስ ማርሽ ባንዱ የሐዘን ዜማውን ሲጀምር እናቴን ጉልበቷ ከዳት፤ ሁለት ባልደረቦቹ ደግፈው ያዟት። እኔ ግን ያ ንባብ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። አንድም ቃል ውሸት የለበትም። ጋሼ ግን ውስጡ የለም።

ጋሼ ነው የምለው፤ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ትራፊክ ፖሊስ ነበር። ነሐሴ ላይ፣ ሌሊት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ቀለበት መንገድ ላይ ተረኛ ሆኖ ሳለ የጭነት መኪና ገጨው። ስለ ሹፌሩ እዚህ አልጽፍም። የእሱ ጉዳይ የፍርድ ቤት ነው።

አብረውት የሠሩት፣ የሚያውቁት፣ የሚወዱት ሰዎች ስለ እሱ የሚያወሩትን ሰብስቤ መጽሐፍ ላድርገው ያልኩት በሠልስቱ ነው። ድንኳን ውስጥ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሦስት ፖሊሶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ እሱ ያወራሉ። አንዱ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው አፉን በነጠላ ሸፈነ። ምን እንዳሳቀው ማወቅ ፈለግኩ። ሄጄ መጠየቅ ግን አቃተኝ። ማታ ሲሄዱ ወሬውም አብሯቸው ሄደ። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሲነቅሉ ስንት እንዲህ ያለ ወሬ አብሮ ተጠቅልሎ እንደሚሄድ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ግን ከዚያ በፊት የተፈጸመ ነው። እሱን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጋሼ ባረፈ በነጋታው ፎቶውን ከ«ነፍስ ይማር» ጋር ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ታናሽ እህታችን ቤሩት ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ለእሷ መርዶ የሚነግርላት ሰው ገና እየፈለግን ነበር። እዚያ ያሉ የአገሯ ልጆች ተሰብስበው፣ ከሥራ በምታርፍበት ቀን፣ ሰው ከጎኗ ሆኖ እንዲነግሯት ነበር ሐሳባችን። እሷ ግን የእኔን ፎቶ አየችው። ወጥ ቤት ቆማ፣ ብቻዋን። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ በወግ የሚነገረው ለምን እንደሆነ ያስተማረኝ የእሷ ጩኸት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የምትጀምሩ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ መርዶ ያልደረሰው ማን እንዳለ ጠይቁ። ፎቶ የትም አይሄድም።

ከዚያ የጋሼን ባለቤት አስፈቀድኩ። ይህንንም መጀመሪያ አላሰብኩትም ነበር። ወንድሜ ስለሆነ ትዝታው የእኔ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ልጄ ስታድግ የምታነበው ይሁን።» ከዚያ በኋላ የትኛው ይግባ የትኛው ይቅር ብዬ ስጨነቅ ያቺን የአራት ዓመት ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቷ አድርጌ አስባታለሁ።

ለአርባው አደርሰዋለሁ ብዬ ቸኮልኩ። አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅቼ ለባልደረቦቹ አደልኩ። «ስለ ሟች የሚያስታውሱትን ይግለጹ» ይላል። አሥራ አንዱ ሞልተው መለሱልኝ። ዘጠኙ ላይ «ሰው አክባሪ» የሚል አለ። ሰባቱ ላይ «ሥራ ወዳድ»። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያ ቀብሩ ላይ የተነበበው ወረቀት አሥራ አንድ ጊዜ ተባዝቶ የመጣ መሰለኝ።

ጥፋቱ የእነሱ አልነበረም። ሰው ወረቀት ሲሰጡት ወረቀት የሚመስል ነገር ይጽፋል። ፖሊስ ደግሞ ሪፖርት ለምዷል። «ሟች» ብዬ ስጠይቃቸው ስለ ሟች ጻፉልኝ።

ወረቀቱን ተውኩት። ብዙ ጊዜ ይቆምበት የነበረው መገናኛ አካባቢ ነው። እዚያ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። ከፈረቃ በፊትና በኋላ እሷ ጋ ነው የሚቀመጡት። ለሦስት ሳምንት ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ጥያቄዬንም ቀየርኩት። «እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ማለት አቆምኩ። «መጨረሻ አብራችሁ የበላችሁት ምን ነበር?» «ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?» «ኪሱ ውስጥ ምን ይይዝ ነበር?» እላለሁ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ስጠይቅ ሁሉም አንድ ላይ «ካቻቢቴ!» አሉ።

ታርጋ መፍቻው ነዋ። ስለ እሷ ካቻቢቴ የነገረኝ ግን ፖሊስ አይደለም። ሚኒባስ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። እንደተናገረው ጽፌዋለሁ፦

«ታርጋዬን ፈታብኝ። ልጄ ታማ ወደ ቤት እየሮጥኩ ነው ብለው አልሰማኝም። ሰደብኩት። ክፉ ስድብ ነው፣ ለአንቺ አልነግርሽም። ማታ ጣቢያ ስሄድ ‹ልጅህ እንዴት ሆነች?› አለኝ። ተሽሏታል አልኩት። ቅጣቱን አልማረኝም፣ ከፍያለሁ። ግን ታርጋውን ራሱ ይዞ ወጣ። እኔ በስልኬ ባትሪ እያበራሁለት ተንበርክኮ መልሶ አሰረልኝ። አንዷ ብሎን ጠፍታ ነበር። ከኪሱ ሌላ አወጣ። ለካ ብሎንም ይዞ ይዞራል።»

ይህን ለእናቴ ሳነብላት «ከልጅነቱ የሰው ነገር አፍርሶ አይሄድም» አለች። እኔ የማላውቀውን የልጅነቱን ታሪክ ከዚያ ቀጠለችልኝ። አንዱ ትዝታ ሌላውን ይጎትታል። ስለዚህ ከአንዱ የሰማሁትን ለሌላው መንገር ጀመርኩ። ብዙ ሰው ዝም የሚለው የሚናገረው አጥቶ አይደለም። የእሱ ትዝታ ትንሽ፣ የማይረባ እየመሰለው ነው።

አንዲት ሴት ትራፊክ የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የመጀመሪያ ቀኗ ነው። መሐል መንገድ ላይ ቆማ እጇ ይንቀጠቀጣል። መኪናው ይጮኻል። ጋሼ አጠገቧ መጥቶ አልረዳትም፤ ያን ጊዜ ተቀይማው ነበር። ቀስ በቀስ ግን እጇን ስታነሳ መኪናው መቆም ጀመረ። በራሷ ኮራች። ከወራት በኋላ ነው ሌላ ባልደረባ የነገራት። ጋሼ ከኋላዋ ማዶ ቆሞ እሷ የምታሳየውን ምልክት እየተከተለ ያሳይ ነበር። ሹፌሮቹ የሚያዩት ሁለት እጅ ነው። እሷ የምታውቀው አንዱን ብቻ። «ለምን አልነገርከኝም?» ስትለው «ምኑን?» አላት። በቃ። ሌላ ቃል የለም።

የተማሪ ትራፊኮቹም አሉ። ጠዋት ጠዋት «ቁም» የሚለውን ምልክት ይዘው ጓደኞቻቸውን የሚያሻግሩት ልጆች። ከተማችን ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። ጋሼ እነዚህን ልጆች ማሠልጠን የሚወደው ለዚህ ይመስለኛል። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ አለችኝ፦ «ክርናችሁ አይታጠፍ ይለን ነበር። ክርናችሁ ከታጠፈ ሹፌሩ ሰላም ያላችሁት ይመስለዋል ይለናል።» ስትነግረኝ እጇን ቀጥ አድርጋ ዘርግታ ነበር። እስክጽፈው ድረስ አላወረደችውም።

አርባው ሲደርስ በእጄ ያለው አሥራ ሁለት ገጽ ብቻ ነበር። ፎቶ ኮፒ አድርጌ ቤት ለመጡት አደልኩ። እሱ ራሱ ጠቀመ። ሰው አንብቦ «እኔም እኮ አለኝ» ማለት ጀመረ። የእኛ የሐዘን ሥርዓት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ሰው በየጊዜው ተመልሶ ይመጣል። በሠልስቱ መናገር ያቃተው በሰማንያው ይናገራል። የቸኮልኩት እኔ ነኝ እንጂ ወጉስ ጊዜ ሰጥቶኝ ነበር።

እህታችንም ከቤሩት በድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ሃያ ሦስት ናቸው። አንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ሳህን ሲጋጭ፣ ውኃ ሲወርድ ይሰማል። ሥራ ላይ ሆና ነው የምታወራኝ። እነሱን ስጽፍ አንድም ቃል አላስተካከልኩም።

ድምፅ አያያዝ ላይ ግን ተቀጥቻለሁ። ሰንዳፋ አብረውት የሠለጠኑ አንድ ጡረተኛ ለአንድ ሰዓት ያህል አውርተውኝ ነበር። ስልኬ ሞልቶ ኖሮ አልቀረጸም። ቤት ስደርስ ባዶ ነው። ደግመው እንዲነግሩኝ ስሄድ ነገሩኝ፤ ግን እንደ መጀመሪያው አልሆነም። መጀመሪያ እያለቀሱ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ እየተረኩ። ከዚያ ወዲህ የዕለቱን በዕለቱ ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ፣ ሌሊቱንም ቢሆን ጽፌ ነው የምተኛው።

ቤተሰብ ውስጥ የተጨቃጨቅንበትም አለ። አንድ የቅርብ ጓደኛው ጋሼ ግትር እንደነበር፣ ፈረቃ ለመቀበል አርባ ደቂቃ ስለዘገየበት ብቻ ስድስት ወር እንዳኮረፈው ነገረኝ። አጎቴ ተቆጡ። «የሞተ ሰው አይወቀስም፣ ሰርዢው» አሉ። ባለቤቱ አንብባ ፈገግ አለች። «እኔንማ ስንቴ አኩርፎኛል። ይሄ ነው እሱ» አለች። ታሪኩ ገባ። አጎቴን እጅ ነስቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ አልሰረዝኩትም። ልጁ ስታኮርፍ ከማን እንደወረሰችው ትወቅ።

የሰረዝኩት ስለዚያች ሌሊት የተነገረውን ነው። ሁለት ሰዎች ሰዓቱን ለየቅል ነገሩኝ። ጉዳዩ ችሎት ላይ ነው፣ የእኔ መጽሐፍ ደግሞ ምስክር ወረቀት አይደለም። እናቴም ሙሉውን ከመታተሙ በፊት ሰምታዋለች። ማንበብ አትችልም፤ አራት ማታ ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ተይው» አለች። ስለ ደሙ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አወጣሁት።

መክፈቻው ላይ ምን ይጻፍ የሚለውን አክስቴ ፈታችልኝ። ድንኳን ውስጥ ያወጣችው ሙሾ ነው፦

መንገድ አሻጋሪው፣ እጁ የማይታክት፣
እሱን አሻጋሪ ጠፋ ወይ በሌሊት።

የኅዳር ወር ሲመጣ የዓለም የትራፊክ አደጋ ተጎጂዎች መታሰቢያ ቀን አለ። የተባበሩት መንግሥታት በ1998 ዓ.ም. የተቀበለው ነው። በፈረንጆቹ ኖቬምበር ሦስተኛው እሑድ ላይ ይውላል። በዚያ ቀን ያቺ ተማሪና ጓደኞቿ ቡና ሻጯ ጋ መጡ። የጀበናው ዱካዎች አልበቋቸውም፣ ቆመው ከአሥራ ሁለቱ ገጽ ላይ የየራሳቸውን አነበቡ። ድምፅ ማጉያ የለም፣ ንግግር የለም። ታክሲዎቹ ጥሩምባቸውን ለአፍታ ዝም አሰኙ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም።

አንድ ሰው ግን አልተናገረም። ያን ሌሊት አብሮት ተረኛ የነበረው። ጀበናው ጋ ስመጣ ይነሳል። ስደውልለት «እሺ እህቴ፣ እመጣለሁ» ይላል፣ አይመጣም። ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ሁለተኛው ላይ ሚስቱ በር ላይ ቆማ «እባክሽ ተይው» አለችኝ። ተውኩት። መተው እንደነበረብኝ ቀድሞ ቢገባኝ ጥሩ ነበር። መጽሐፉ ላይ ግን አንድ ባዶ ገጽ አስቀረሁለት።

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ሙት ዓመቱ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ራሱ መጣ። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። እጁ ላይ ፌስታል ይዟል። ቆሞ ቀረ። ተቀመጥ ብትለው አልተቀመጠም።

«እማማ፣ ዝናብ ነበር» አለ። «የእኔን የዝናብ ካፖርት ቤት ረስቼው ነበር። የእሱን ሰጠኝ። የሚያበራው ካፖርት እኔ ላይ ነበር።»

ፌስታሉን ከፈተው። ታጥቦ፣ ተጣጥፎ። የሚያበሩት መስመሮች መስኮቱ ጋ ብልጭ አሉ። «የእሱ ነው» ብሎ ዘረጋላት።

እናቴ ተቀበለችው። በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ትከሻውን ዳበሰችው፣ አሸተተችው። ከዚያ ተነስታ ዘረጋችውና በትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት።

«ክረምት ሊገባ ነው፣ ልጄ» አለችው። «ልበሰው።»