ለቀበሮ የመጣው መርፌ

ቦታው መንዝ ነው፤ ከጓሳ አፋፍ ላይ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ። እኔ የአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት የፕሮጀክት አስተባባሪ ነበርኩ። ከለጋሾች የመጣው ገንዘብ በሦስት ተከፍሏል፦ ለትምህርት ቤቱ ዴስክና ደብተር፣ ለጤና ኬላው የሶላር መብራት፣ ለአካባቢ ጥበቃ ደግሞ የውሻ ክትባት።

ውሻን ከጥበቃ ጋር ምን አገናኘው ለምትሉ፦ ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። የቀረውም 500 ቢሆን ነው። ያበደ የእረኛ ውሻ አንዱን ቀበሮ ከነከሰ የእብድ ውሻ በሽታው የቀበሮውን ቤተሰብ ሁሉ ያዳርሳል። በ2003 እ.ኤ.አ. ባሌ ላይ እንዲህ ሆኖ በወይብ ሸለቆ ብዙ ቀበሮ አልቋል። በሽታውን ለመግታት ከ10 ውሻ 7ቱ መከተብ አለበት።

ስለዚህ በገበያ ቀን «ቀይ ቀበሮን ከጥፋት ለመታደግ ውሻዎን ያስከትቡ» ብለን በድምፅ ማጉያ አስነገርን። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በቀጠሮው ቀን እስከ እኩለ ቀን የመጡት ውሾች 11 ብቻ ነበሩ። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን እንዳለ ቁጭ ብሏል። ባና የደረቡ አንዲት እናት ባዶ እጃቸውን መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«እማማ፣ ውሻ የለዎትም?»

«አለኝ እንጂ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አላመጡትም?»

ሳጥኑን ትክ ብለው አዩት። «አምና የልጅ ልጄን ያበደ ውሻ ነከሰው። መርፌ ፍለጋ ሁለት በግ ሸጬ ከከተማ ከተማ ዞርኩ። ተረፈልኝ፣ ተመስገን። ለቀበሮው ግን ይኸው ደጁ ድረስ መጣለት።»

ቁጣ አልነበረባቸውም። እኔን የባሰብኝም እሱ ነው።

ውሻው ሲከተብ ከቀበሮው በፊት የሚጠበቀው እኮ የእሳቸው የልጅ ልጅ ነው! እዚህ አገር በሽታው ወደ ሰው የሚመጣው በአብዛኛው በውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ይህን አውቅ ነበር። ፕሮፖዛሉ ላይ ግን ውሻው የተጻፈው «ጥበቃ» ከሚለው ሥር ስለሆነ፣ ለሕዝቡም ያወራሁት ስለ ቀበሮ ብቻ ነው። ለለጋሽ የተጻፈውን ለገበሬ አነበብኩለት።

ክትባቱን ለቅዳሜ አሸጋገርነውና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ከሳይንስ መምህሩ ጋር ተቀመጥን። በማግስቱ ጠዋት፣ ተማሪው ለሰንደቅ ዓላማ እንደተሰለፈ፣ መምህሩ እጅጌውን ሰበሰበ። እሷ በጀሪካን ውሃ እያፈሰሰች ክንዱን በሳሙና አጠበችው፤ 15 ደቂቃ ሙሉ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን እንዲህ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሮጥ አለበት። ልጆቹ አልሰለቹም። አብዛኞቹ ከትምህርት መልስ በግ ጠባቂ ናቸው፤ ከውሻው ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸው። ስለ ቀበሮውም ነገርናቸው፣ መጨረሻ ላይ።

ቅዳሜ ገና ውርጩ ሳይለቅ የቀበሌው ግቢ በጩኸት ተሞላ። ልጆቹ ውሾቻቸውን በጓሳ ሣር ገመድ እየጎተቱ መጡ። ከሰዓት በኋላ ክትባቱ አለቀ።

እማማም ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው ነበር። የውሻውን ካርድ ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና «ለከርሞስ?» አሉኝ።

ለከርሞ በጀት አልነበረንም። ቡችላ ግን በየዓመቱ ይወለዳል፤ የክትባቱም ኃይል ይደክማል። ማታ ሪፖርቱን ስጽፍ ውሾቹን በትምህርትም፣ በጤናም፣ በጥበቃም ሥር አስገባኋቸው። ከታች ደግሞ የእማማን ጥያቄ እንዳለ ጻፍኩት፦ «ለከርሞስ?»