ጌታ ጆሮዬን ከወገቤ ላይ አነሳልኝ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር። ለዓመታት በወገብ ሕመም ተሠቃይቻለሁ። ሐኪሞች ከ3 ወር በላይ የቆየን ወይም እየተመላለሰ የሚያስቸግርን ሕመም ሥር የሰደደ ይሉታል። የእኔ ከዚያም አልፎ ነበር።

ሕመሙ ከባድ ነው። ይበልጥ ያደከመኝ ግን እሱን ማዳመጡ ነው። ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ ወገቤን እፈትሻለሁ። ስብከት ላይ ተቀምጬ የምሰማው ወገቤን ነው። ሰው ሲያወራኝ እሺ እሺ እላለሁ፣ ልቤ ግን እዚያው ነው። እያደር ወገቤ ብቻም አልሆነ። የልቤ ምት፣ የሆዴ ጩኸት፣ የጡንቻዬ እርግብ እርግብ ማለት፣ ሌላው ሰው ልብ የማይለው ሁሉ ያስደነግጠኝ ጀመር። ሌሊቱን ያልተኛ ዘበኛ ኮሽ ያለውን ሁሉ ሌባ ያደርገዋል፤ እኔም እንደዚያው ሆንኩ።

ጸሎቴ አንድ ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ ሕመሙን ውሰድልኝ»።

በዚያው ሰሞን አንዲት ፊዚዮቴራፒስት፣ ሕመምን በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ፣ ዘንድ ሄድኩ። እግዚአብሔር ነው የላከኝ እላለሁ። «ሕመምሽ እውነት ነው፣ የፈጠርሽው አይደለም» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ብዙ ሰው «ሐሳብ ነው» ብሎኝ ነበርና። ከዚያ አስረዳችኝ። ኤምአርአይ በሚባለው የምስል ምርመራ ወገቤ ላይ የታየው የዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ፣ መሳሳት ምንም በማያማቸው ብዙ ሰዎችም ላይ ይገኛል። ሕመም ሲቆይ ግን ነርቮች ከልክ በላይ ንቁ ይሆናሉ፣ ትንሹን ነገር አጉልተው ያስተላልፋሉ። ፍርሃትና ክትትል ደግሞ ያባብሱታል። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ገና በ1965 እ.ኤ.አ. ከአንጎል የሚወርድ መልእክት አከርካሪ ውስጥ የሚያልፈውን የሕመም ምልክት ሊቀንሰው ወይም ሊጨምረው እንደሚችል ጽፈዋል። ሕመም ትኩረትን በግድ ይጎትታል፣ ሥራው ነው። «ተይው» ስለተባለ የሚተው ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ጸሎቴ ላይ አንድ ቃል ጨመርኩ፤ «ጆሮዬንም ከእሱ ላይ አንሣልኝ»።

አንድ ሌሊት በጸሎት ፕሮግራም ላይ ለታመመች ሕፃን እንማልድ ነበር። እናቷ አጠገቤ ናት። ልጅቷን በስሟ እየጠራሁ ጮህኩ። «አሜን» ብለን ስንነሣ ነው የገባኝ፤ ያን ያህል ጊዜ ተንበርክኬ ወገቤን አንዴም አልፈተሽኩትም! አሞኝ ነበር፣ ስነሣ ተሰምቶኛል። ግን አልጠበቅኩትም። ስንት ዓመት ያላየሁት ነጻነት ነው። እዚያው ቆሜ አመሰገንኩ።

በአንድ ሌሊት ሁሉም ተለወጠ አልልም። ፊዚዮቴራፒስቷ በሰጠችኝ መጠን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርኩ መራመድ ጀመርኩ። ሰውነቴ ውስጥ ሌላም ነገር እንዳለ እያወቅሁ መጣሁ፤ የትንፋሼ መግባትና መውጣት፣ ገላዬን ስታጠብ የውኃው ሙቀት፣ ስዘምር ደረቴ ላይ የሚሰማኝ ንዝረት። ይህ ሁሉ ድሮም ነበረ፣ ሕመሙ ሸፍኖብኝ ነው።

እባካችሁ፣ ይህን ሰምታችሁ ሐኪም አትተዉ። በተለይ እግር ድንገት ከደከመ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ያኔውኑ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት 3 ጊዜ ለምኗል። እኔም አሁን ድረስ ሙሉ ፈውስ እለምናለሁ። ሕመሙ አንዳንድ ቀን ይመጣል። መጥቶ ግን ቀኔን ሁሉ አይወስድብኝም። ስብከቱን እሰማለሁ፣ ሰው ሲያወራኝ እሰማለሁ። ክብሩን ጌታ ይውሰድ።