የፎገራ ጎርፍና የእድሩ መዝገብ

የፎገራን ሜዳ የሚያጥለቀልቀው ውሃ ከሁለት ወገን ይመጣል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ሲወርዱ አፈር ተሸክመው ነው። አፈሩ ሜዳው ላይ ይዘቅጣል፣ የወንዙ ወለል ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል፣ ውሃውም ዳሩን ጥሶ ይወጣል። ከታች ደግሞ ጣና ሞልቶ መውረጃ ይነሳዋል። ሐይቁ ጫፍ የሚደርሰው ዝናቡ ከቀነሰ በኋላ፣ በመስከረም ገደማ ስለሆነ ሰማዩ ከጠራም ወዲያ ውሃው ቤትና ማሳ ላይ ተኝቶ ይከርማል። በ1998 ዓ.ም ክረምት ማብቂያ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው የወጡት በዚህ ዓይነት ጎርፍ ነው። እዚህ አገር “ዝናቡ አባራ” ተብሎ የሁለት ሳምንት እርዳታ ብቻ ከታቀደ፣ ሰዉ ገና ወደ ቤቱ ሳይመለስ እህሉ ያልቃል።

ከዚያ ወዲህ በነበረ አንድ ክረምት፣ ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወርደው በኩል፣ በአንድ ትምህርት ቤት ለተጠለሉ ተፈናቃዮች ስንዴ ሊታደል ተሰናዳ። እህሉ በሰዓቱ ደርሷል፣ ሚዛኑ ተተክሏል፣ ዝርዝሩም በማኅተም ተረጋግጦ መጥቷል። ስም መጠራት ሲጀምር ግን ከአጥሩ ውጭ የቆመው ሰው ከውስጡ በለጠ። አብዛኞቹ ሕፃን ያዘሉ ወጣት እናቶች ነበሩ፤ የአንዳቸውም ስም ዝርዝሩ ላይ የለም።

ችግሩን ያወቁት የእድሩ ዳኛ ናቸው። መዝገባቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከጎርፉ አትርፈውታል። አስተባባሪው ወጣት ዘንድ ቀርበው “ልጄ፣ ይህን ስም ከየት ቀዳችሁት?” አሉት።

“ከመሬት ግብር መዝገብ ነው፣ አባቴ።”

“እሱማ ግብር የከፈለውን ብቻ ነው የያዘ። አግብቶ ከአባቱ ግቢ ጎጆ የቀለሰው ልጅ በስሙ መሬት የለውም፣ ግብርም አይከፍልም። ለእድር ግን በየወሩ ይከፍላል።”

“እድር ያልገባውንስ በምን እናገኘዋለን?”

“እሱን ጤና ኤክስቴንሽኗን ጠይቃት። ነፍሰ ጡር ያለችበትን ቤት አንድ ባንድ ታውቃለች።”

እደላው ለአንድ ቀን እንዲቆም ተወሰነ። ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ የተራበ ሰው ፊት ሚዛን ማቆም ቁጣ ያመጣል፣ መኪናም ቆሞ ያስከፍላል። ስንዴው ተራግፎ ከመማሪያ ክፍል ገባ። ወለሉ እርጥብ ስለነበር ጆንያው በጣውላ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ተደረደረ፤ ከሲሚንቶ ወለል ጋር የተገናኘ ጆንያ ከሥሩ ይሻግታልና። ለዚያ ምሽት ከወረታ የተገዛ ዱቄት፣ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ደግሞ ፋፋ ቀደመ።

ከዚያ ሦስት መዝገብ ጎን ለጎን ተነበበ፦ የግብሩ፣ የእድሩና የጤና ኤክስቴንሽኗ የቤተሰብ ማኅደር። የእድር መዝገብ ትልቁ ጥቅሙ በየወሩ መታደሱ ነው፤ የሞተውም አካባቢውን የለቀቀውም ይሰረዝበታል። ጉድለትም አለው፤ መዋጮ ያቃተውን ድሃ አይዝም። የጤናው ማኅደር ያንን ይሞላል። ሦስቱም የማይዟቸው ሰዎች ደግሞ አሉ፤ ሩዝ ለማረም ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች። እነሱን ማግኘት የሚቻለው የቀጠሯቸውን ገበሬዎች በመጠየቅ ብቻ ነው።

ስሙ በየጎጡ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ጮክ ተብሎ ተነበበ። እያንዳንዱ አባወራና እማወራ የቤተሰቡን ቁጥር ሰው ፊት ተናገረ። ይህን ያህል የሚሠራ የማጣሪያ መንገድ የለም፤ ቢሮ ውስጥ 5ቱን 9 የሚል ሰው ጎረቤቱ ፊት አይደፍርም። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ፣ ቅሬታም ተሰማ። ቅሬታ ሰሚዎቹ ከመዝጋቢዎቹ የተለዩ ሰዎች መሆን አለባቸው፣ ከመካከላቸውም ሴቶች ሊኖሩ ይገባል። የጣሉት ስም እንዳለ መዝጋቢዎቹን ራሳቸውን መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ እንደማወቅ ነው።

ቁጥሩ ለምን በነፍስ ወከፍ መሆን እንዳለበት ሒሳቡ ያሳያል። በአገራችን የተለመደው የአንድ ሰው የወር ራሽን 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። 6 ሰው ላለበት ቤት 90 ኪሎ እህል፣ 9 ኪሎ ጥራጥሬና 2.7 ኪሎ ዘይት ይሆናል። “ለየቤቱ አንድ ጆንያ” ተብሎ 50 ኪሎ ከታደለ ባልና ሚስት ብቻ ያሉበት ቤት ተርፎት ይሸጣል፤ ዘጠኝ ነፍስ ያለበት ቤት ወሩ ሳይጋመስ ባዶ ይሆናል። ስማቸው የተዘለለ ሰዎች ካሉ ደግሞ ሽማግሌዎች ከእደላው በኋላ እህሉን መልሰው ሰብስበው ለሁሉም እኩል ያካፍላሉ። ይህ ደግነት ነው፣ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ይሁን እንጂ ሪፖርቱ ሙሉ ራሽን ተሰጠ ሲል ልጆቹ የሚበሉት ግማሹን ነው፤ የሚቀጥለው የእርዳታ ጥያቄም በዚያ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ይገነባል።

ወፍጮም አይረሳ። በአካባቢው ያለው ወፍጮ ውሃ ገብቶበት ከቆመ ስንዴ የያዘ ሰው ከእህሉ ሸጦ የማስፈጫና የመጓጓዣ ይከፍላል። ቢያንስ የመጀመሪያው ዙር በዱቄት ቢሆን፣ ካልሆነም የማስፈጫ ገንዘብ ቢታከልበት ይሻላል።

በዚያው ሳምንት በውሃው ማከሚያ ላይ የታየው ስህተትም መነገር አለበት። የመጣው ድፍርሱን የሚያረጋና የሚያክም ዱቄት ነበር፣ አንድ ከረጢት ለ10 ሊትር። ሰዉ ዘንድ ያለው ዕቃ ግን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። አንዱ ከረጢት ሙሉ ጀሪካን ውስጥ ሲጨመር መጠኑ በግማሽ ያንሳል፤ በጠባብ አፉ ማማሰል ስለማይቻልም ዱቄቱ ከታች ይቀራል። ውሃው ጠርቶ የሚጠጣ መስሎ፣ ልጆች ተቅማጥ ያዛቸው። ትክክለኛው አሠራር ሁለት ባልዲ ይፈልጋል። 10 ሊትር በአንዱ ቀድቶ ከረጢቱን መጨመር፣ 5 ደቂቃ አጥብቆ ማማሰል፣ 5 ደቂቃ ማሳረፍ፣ በንጹሕ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ወደ ሁለተኛው ባልዲ ማጥለል፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ቆይቶ መጠጣት። ጨርቁ ላይ የቀረው ዝቃጭ ልጅና ከብት ከማይደርሱበት ይደፋል። የመጣው ውሃ አጋር የተባለው ፈሳሽ ክሎሪን ከሆነ ለ20 ሊትር ጥሩ ውሃ አንድ ክዳን፣ ለደፈረሰ ሁለት ክዳን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ የደፈረሰውን ግን አስቀድሞ ማጥለል ያስፈልጋል፣ ጭቃው መድኃኒቱን ይበላዋልና። ማከሚያ የሚያከፋፍል ሁሉ አብሮ ባልዲ ካላከፋፈለ ሥራው ጎዶሎ ነው።

ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ለመርዳት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ልብስ ይሰበስባል። ሳይለይና ሳይታጠብ የመጣ የልብስ ክምር መጋዘን ያጣብባል፣ ዝናብ ሲነካውም ይሸታል። ሸራ፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ሳሙና፣ የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያና አጎበር ይቅደሙ። ውሃው ሲሸሽ ኩሬ ኩሬው ትንኝ ያፈራል፣ ወባም ከመስከረም ጀምሮ ትበረታለች። ብርድ ልብስና የማብሰያ ዕቃ ያጣ ቤተሰብ በቀበሌው በኩል ለወረዳው አደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት ያመለክት፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። መታወቂያው ውሃ የወሰደበት ሰው ጎረቤቶቹን ምስክር ይዞ ቀበሌ ይሂድ፤ የመሬት ይዞታ ደብተሩ የጠፋበትም አይደንግጥ፣ ይዞታው ወረዳው የመሬት አስተዳደር ዘንድ ተመዝግቧል። መታወቂያ የለህም ተብሎ ከራሽን መዝገብ የሚሰረዝ ሰው ግን ሊኖር አይገባም።

ጥራጥሬውን ከራሽኑ መቀነስ ቀላል የሚመስላቸው አሉ። እዚህ ግን አደገኛ ነው። ውሃ የተኛበት መሬት ላይ ሌላው ሰብል ሲጠፋ ጓያ ይበቅላል፤ ችግር የጠናበት ቤትም ዋና ምግቡ ያደርገዋል። ጓያን ለወራት በብዛት መብላት እግርን ለዘለቄታው ያሽመደምዳል፤ ደምቢያና ፎገራ ይህን በሽታ ያውቁታል። ባቄላ፣ አተር ወይም ምስር በየወሩ ሳይቋረጥ መምጣት አለበት፤ ጓያ የሚበላ ቤትም ከሌላ እህል ጋር እየቀላቀለ፣ ዘፍዝፎና የዘፈዘፈበትን ውሃ ደፍቶ ቢያበስለው ጉዳቱ ይቀንሳል።

ሩዙ ለተበላሸበት ገበሬ የዓመቱ ሁለተኛ ዕድል ውሃው ሲሸሽ በቀሪው እርጥበት የሚዘራው ሽምብራ ነው። መሬቱ ከደረቀ በኋላ የሚደርስ ዘር አይበቅልም፣ ቢበላ ይሻላል። ስለዚህ የዘር ጥያቄው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚገባው ሰዉ ገና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተጠልሎ ሳለ፣ በዚያው በተጣራው ዝርዝር ላይ አንድ ዓምድ ተጨምሮ ነው፦ ስንት ጥማድ መሬት በውሃ እንደተያዘ፣ የሚያርሰውም ባለቤቱ ይሁን እኩል አራሹ።